ደሙ መቼ ነው የተቀዳው?

የእኔ ሥራ ቁጥር ማገላበጥ ነው። ሐኪሞቹ ታማሚውን ያያሉ፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያዎቹ ደሙን ያያሉ፤ እኔ የማየው ሰንጠረዥ ብቻ ነው። የካንሰርን ዘረመልና ስርጭት አጣምሮ የሚያጠና ቡድን እንደ እኔ ያለ ሰው ግድ ይለዋል፤ ከብዙ ታማሚዎችና ከብዙ ጤነኞች የተሰበሰበ የዘረመል መረጃ በዓይን ታይቶ አያልቅምና። ሰንጠረዥ ግን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ማንም ሊሞላው ያላሰበው ዓምድ መጉደሉን የሚነግርህ የለም።

ጥናታችን የጡትና የእንቁላል እጢ ካንሰር በዘር የሚተላለፍባቸውን ምክንያቶች ፍለጋ ነበር። በዚህ መንገድ ቀድመውን የሄዱ ሰዎች ትልቅ ነገር አግኝተዋል። ሜሪ ክሌር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1990 የጡት ካንሰር የሚደጋገምባቸውን ቤተሰቦች ተከታትለው፣ በኋላ ቢአርሲኤ1 የተባለው ዘረመል በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኝ አሳዩ። በ1994 ዘረመሉ ራሱ ተለየ፤ በዓመቱ ቢአርሲኤ2 ተከተለ። በ2017 የወጣ ሰፊ ጥናት እንደሚለው፣ የተጎዳ ቢአርሲኤ1 የወረሰች ሴት እስከ 80 ዓመቷ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 72 በመቶ ገደማ ነው፤ በቢአርሲኤ2 ደግሞ 69 በመቶ። ይሁን እንጂ በቤተሰብ የሚደጋገመው ካንሰር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ዘረመሎች አይፈታም። የቀረውን የሚፈልግ ብዙ ነው፤ እኛም ከፈላጊዎቹ መካከል ነበርን።

ስሌቱ ሲጠናቀቅ ሁለት ዘረመሎች ከሌሎቹ ጎልተው ወጡ፤ ፒፒኤም1ዲ እና ቲፒ53። በታማሚዎቹ ላይ ጉዳቱ ደጋግሞ ይታያል፤ በጤነኞቹ ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል። ቲፒ53 ያልታወቀ ዘረመል አይደለም። ጉዳቱ በዘር ሲመጣ ሊ ፍራውሜኒ የተባለውን ሕመም ያስከትላል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከሕፃንነት ጀምሮ ልዩ ልዩ ዓይነት ካንሰር እየተከታተለ የሚመጣበት ሕመም ነው። የቡድኑ ኃላፊ ውጤቱን ባዩበት ሳምንት የጽሑፉን ረቂቅ ጀመሩ። ቲፒ53 የተገኘባቸውን ታማሚዎች ቤተሰቦች ጠርተን እንመርምር የሚል ሐሳብም ተነሣ። ሐሳቡ ከደግነት የመነጨ ነበር፤ ያስፈራኝም ደግነቱ ነው፤ ደግ ሐሳብን ቆም ብሎ የሚመረምር ጥቂት ነውና።

ውጤቱ በቀረበበት ስብሰባ ላይ ለጥናቱ ደም የሚቀዱት ሲስተር ተገኝተው ነበር። የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ማቀዝቀዣው ሞልቶ ብልቃጥ ማስቀመጫ ስላጡ። ተራቸው እስኪደርስ ሥዕላዊ መግለጫዎቹን ሲያዩ ቆዩና እጃቸውን አነሡ።

«ይቅርታ ዶክተር፤ እኔ እኮ ደሙን የምቀዳው ኬሞቴራፒ ጨርሰው ለክትትል ሲመጡ ነው። ይህ ለውጥ አያመጣም?»

«በዘር የመጣ ነገር በመድኃኒት አይለወጥም፣ ሲስተር» አሉ ኃላፊያችን ፈገግ ብለው።

እውነታቸውን ነው። ችግሩ ያየነው ነገር በዘር የመጣ ለመሆኑ ማንም ገና አለማረጋገጡ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዘረመል ምርመራ ደም ስንወስድ ዲኤንኤውን የምናገኘው ከነጭ የደም ሴሎች ነው፤ እነሱ ደግሞ መቅኔ ውስጥ ካሉ እናት ሴሎች ይወለዳሉ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ከእነዚህ እናት ሴሎች አንዳንዶቹ በሕይወት ዘመን የደረሰባቸውን ጉዳት ይዘው ይራባሉ። ኬሞቴራፒ ሲመጣ ጤነኞቹ ሴሎች ይጎዳሉ፤ የፒፒኤም1ዲ ወይም የቲፒ53 ለውጥ ያለባቸው ግን መድኃኒቱን ይቋቋሙታል። ስንዴው ሲረግፍ እንክርዳዱ እርሻውን እንደሚወርስ ማለት ነው። ከዚያ ደም ብትቀዳ ጉዳቱን ታገኘዋለህ፤ ያገኘኸው ግን የካንሰሩን መንስኤ ሳይሆን የሕክምናውን አሻራ ነው። ጤነኞቹ ሰዎች ኬሞቴራፒ ስላልወሰዱ በእነሱ ላይ ባይታይ አይገርምም።

ማጣሪያው ቀላል ነበር። ከእናት ወይም ከአባት የተወረሰ ለውጥ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ከሁለቱ ቅጂዎች በአንዱ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ዲኤንኤውን የሚያነበው መሣሪያ ያንን ቦታ መቶ ጊዜ ቢያነብ፣ ሃምሳ ገደማ ላይ ለውጡ መታየት አለበት። ለእኔ የሚደርሰኝ ሰንጠረዥ ግን «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው የሚለው፤ ሶፍትዌሩ በመካከል ያለውን ሁሉ ጠቅልሎ «አለ» ይለዋል። ጥሬውን መረጃ አስከፈትኩ። ከመቶው አሥር፣ አሥራ አምስት፣ አንዳንዱ ላይ ሃያ። ሃምሳን የሚጠጋ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የቀን ጉዳይ መጣ። በሰንጠረዡ ላይ «ቀን» የሚል ዓምድ ነበር፤ ስናጣራው ናሙናው ማቀዝቀዣ የገባበት ቀን ሆኖ ተገኘ። ደሙ የተቀዳበት ቀን ያለው በሲስተር መዝገብ ላይ ነው፤ ጠርዙ የተላላጠ ደብተር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከእያንዳንዱ መለያ ቁጥር ጎን የኬሞቴራፒው ዙር ጭምር ተጽፎ። (ቀንና ዘረመል እንደሆነ ድሮም ተስማምተው አያውቁም። የሰንጠረዥ ፕሮግራሞች ማርች1 እና ሴፕት2 የተባሉትን ዘረመሎች የወር ስም እያስመሰሉ ወደ ቀን ሲለውጡ ኖረው፣ በ2020 የዘረመሎቹን ስም መቀየር ግድ ሆኗል። ፕሮግራሙን ከማረም ሳይንሱን ማረም ቀለለ ማለት ነው።) መዝገቡን ከሰንጠረዡ ጋር ሳገናኘው፣ ለውጡ የታየባቸው ታማሚዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ኬሞቴራፒ የወሰዱ ሆነው ተገኙ።

ከሁሉ የከበደኝ የአንዲት ታማሚ ጉዳይ ነበር። ቲፒ53 ተገኝቶባታል፤ ትንሽ ልጅ አለቻት። ውጤቱ በዘር የመጣ ቢሆን ልጅቷ ከዚያ ጀምሮ በየዓመቱ ከራስ እስከ እግር ኤምአርአይ እየተነሣች ልታድግ ነው። በምራቅ እናረጋግጥ ያሉ ነበሩ፤ ምራቅ ውስጥም ነጭ የደም ሴል ሞልቷልና አያስተማምንም። ከቆዳዋ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ሴሎቹ በቤተ ሙከራ እንዲራቡ ተደረገ፤ ይህ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ቆዳው ላይ ለውጡ የለም። ልጅቷ ሳትጠራ ቀረች።

ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። በ2013 አንድ ትልቅ ጥናት ፒፒኤም1ዲን ከጡትና ከእንቁላል እጢ ካንሰር ጋር አያይዞት ነበር፤ ከ7,781 ታማሚዎች በ25ቱ፣ ከ5,861 ጤነኞች ደግሞ በአንዱ ብቻ ተገኝቶ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ለውጡ በከፊል የደም ሴሎች ላይ ብቻ እንዳለና በካንሰሩ ዕጢ ውስጥ እንደማይገኝ በግልጽ ጽፈዋል፤ ኬሞቴራፒው ያለው ድርሻ ጎልቶ የወጣው ከዚያ በኋላ በተከታተሉ ጥናቶች ነው። በቤተሰብ ሐረግ የሚደረገው የድሮው ዘዴ በዚህ በቀላሉ አይታለልም። መቅኔ ውስጥ የተራባ ጉዳት ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአክስት ወደ እህት ልጅ ሲወርድ አይታይማ። ርካሽና ፈጣን የዲኤንኤ ንባብ ሲመጣ ቤተሰብ መከታተሉን ተውነው፤ በእኔ ግምት ዋጋ ያስከፈለን እሱ ነው።

ሲስተር በኋላ ሌላም ጥያቄ ጠየቁኝ። «ለክትትል የማይመጡትስ? የሞቱትስ?» ደማቸው ማቀዝቀዣችን ውስጥ የለም፤ ጥናታችን የተረፉትን ብቻ ነው የሚያውቀው። ይህን የሚያርም የሂሳብ ዘዴ ስላልነበረኝ አዲሶቹ ታማሚዎች ሕመሙ በታወቀ ጊዜ፣ ሕክምና ሳይጀመር ደም እንዲሰጡ ተወሰነ። ሥራው ለሲስተር በእጥፍ ጨመረ፤ ማቀዝቀዣውም ተገዛላቸው።

የመጀመሪያው ረቂቅ ተትቶ ጽሑፉ አሁን ከኬሞቴራፒ በኋላ በደም ውስጥ ስለሚራቡ ሴሎች ሆኗል፤ በሕክምናው ሳቢያ በኋላ የሚመጣን የደም ካንሰር አስቀድሞ ለመጠርጠር ይረዳል ብለን እናስባለን። ያልተቋጨው የስም ጉዳይ ነው። ኃላፊያችን ሲስተር በምስጋናው ክፍል መጠቀሳቸው ይበቃል ይላሉ፤ እኔ ከጸሐፊዎቹ ዝርዝር ውስጥ ይግቡ እላለሁ፤ ረቂቁም በዚህ ክርክር ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ነው።