የወረዳ ዓመት፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ

የወረዳ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ምክር ቤቱ ከክልል የሚመጣውን ድጎማና የራሱን ገቢ ደምሮ ያጸድቃል፤ አብዛኛው ደመወዝ ነው። አዝመራ ሲገባ የገጠር መሬት ግብር ይሰበሰባል።

ጥርና የካቲት የተፋሰስ ሥራ ነው። ለእርከን ቅየሳ ሦስት ሰው፣ 10 ሜትር ገመድ፣ ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ዘንጎችና አንድ ውኃ ልክ ይበቃል። ውኃ ልኩ በትክክል 5ኛው ሜትር ላይ ይንጠልጠል፤ ከመሃል ከራቀ መስመሩ ያዘነብላል፣ ክረምት ላይ ጎርፉ ዝቅ ያለው ቦታ ተጠራቅሞ እርከኑን ይበጥሰዋል። ለሪፖርት ኪሎ ሜትር ሲቆጠር (ሁሌም ይቆጠራል!) ቅየሳው ይዘለላል።

ሰኔ ላይ የግዥ ጥድፊያ ነው። ጨረታው እስከ ሚያዝያ ካልወጣ ዕቃው ከሰኔ 30 በፊት መጋዘን መግባቱ ያጠራጥራል።