ባዶ ኪስ ላይ በጀት አይሠራም

ትምህርት ላቋረጡ፣ ጎዳና ላይ ለሚውሉ፣ አንዳንዶቹም ታስረው ለወጡ የከተማ ልጆች የገንዘብ አያያዝና የሥራ ፈጠራ ስልጠና እሰጣለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ማኑዋሎቹን ግን አልወዳቸውም። አብዛኞቹ የተጻፉት ለደሞዝተኛ ነው።

ክፈቱትና እዩት። ገና ከጅምሩ «የወር ገቢህን ጻፍ» ይላል። የቱን ገቢ? ልጁ ሰኞ ዕቃ ሲያወርድ ውሎ ደህና ገንዘብ ይይዛል፤ ማክሰኞ ሥራ የለም፤ ረቡዕ ጓደኛው ያበድረዋል፤ ሐሙስ ያገኛትን ለዕዳው ይከፍልና ዓርብ ባዶ ኪሱን ያድራል። ለዚህ ልጅ «50 በመቶ ለመሠረታዊ ፍላጎት፣ 20 በመቶ ለቁጠባ» የሚል ሰንጠረዥ ስትሰጡት ፊታችሁ ላይ አይስቅም፤ ወጥቶ ነው የሚስቀው። የሱ ሒሳብ የቀን ነው። ትምህርቱም ከቀን ይጀምር፦ ዛሬ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ነገ ሥራ ባይገኝ በምን ትውላለህ።

ሌላው የሚያናድደኝ «እነዚህ ልጆች መቆጠብ አያውቁም» የሚለው ወሬ ነው። እስቲ እሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። የሚያድረው ከብዙ ሰው ጋር ተጠጋግቶ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለው ገንዘብ ካልተሰረቀ ይለመናል፣ ሲለመን እንቢ ካለ ደግሞ ነገ እሱ ሲቸግረው ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ታዲያ በዚያው ቀን ጫማ ቢገዛበት ቂል ነው እንዴ? ጫማው ቢያንስ እግሩ ላይ ነው። ያጣው ነገር ጠባይ ሳይሆን ማስቀመጫ ነው። ፓስካሊን ዱፓስና ጆናታን ሮቢንሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ኬንያ ውስጥ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ገንዘባቸውን በደህና የሚያኖሩበት ተራ ሣጥን ማግኘታቸው ብቻ ለጤና የሚቆጥቡትን 66 በመቶ ጨምሮታል። ሣጥን ነው የምላችሁ!

ስለዚህ እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ቁጠባ ጥቅም አልሰብክም። ጥቅሙን ያውቁታል። ገንዘቡ የት ይቀመጥ፣ ማን ይወቅ፣ ማን አይወቅ፣ በስልክ ቢቀመጥ ሚስጥር ቁጥሩን ማን ያውቃል፣ መታወቂያ ለሌለው ልጅ ምን ይደረጋል፣ የሚለውን ነው የምንጨቃጨቀው። ይህ ጭቅጭቅ ከማንኛውም ስላይድ ይሻላል።

አንድ የማይመች እውነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 201 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ሰዎች በገንዘብ አያያዛቸው ከሚያሳዩት ልዩነት ውስጥ የገንዘብ ትምህርት የሚያብራራው 0.1 በመቶውን ብቻ ነው ብሏል። ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑት ዘንድ ውጤቱ ከዚህም የደከመ ነው። ብዙ ሰዓት የፈጀው ስልጠና እንኳ ከ20 ወር በኋላ የረባ ነገር አይታይበትም። ከዚያ ወዲህ የወጡ ሰፋ ያሉ ግምገማዎች ነገሩን ትንሽ አለዝበውታል፤ ትምህርቱ ይጠቅማል ይላሉ። እኔ ከሁለቱም የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፤ ሰው የሚማረው ውሳኔው ፊቱ ሲደቀን ነው። የብድር ወለድን የዛሬ ዓመት ለሚበደር ልጅ ማስተማር ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው። ዛሬ ማታ ሊበደር ላሰበው ግን አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

ለምሳሌ ይቺን ሒሳብ። 100 ተበድረህ በሳምንት 10 ወለድ ትከፍላለህ። 10 ስትባል ቀላል ትመስላለች። ግን በየሳምንቱ ወለዱን ብቻ እየከፈልክ ብታራዝመው በዓመት 520 ከፍለህ ያቺ 100 አሁንም ዕዳ ናት። ወለዱ ሳይከፈል ዕዳው ላይ እየተደመረ ከሄደ ደግሞ በዓመቱ ከ14 ሺህ ያልፋል። ካልኩሌተሩን ለልጆቹ ስጧቸውና ራሳቸው ይጫኑት። እናንተ ስትነግሯቸው ማጋነን ይመስላቸዋል።

ቤቲንግም እንዲሁ ነው። «ቁማር ነውር ነው» ብዬ አላውቅም፤ እንዲህ ያልኩ ዕለት ጆሯቸው ይዘጋል። ይልቅ አጣማሪውን፣ ብዙ ጨዋታ የሚያያዝበትን ቲኬት፣ ነው የማሰላላቸው። ሁለት ቡድን እኩል ዕድል ቢኖራቸው ትክክለኛው ኦድ፣ ብታሸንፍ ያስያዝከው ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር፣ 2 ነው፤ አጫዋቹ ግን 1.9 ይሰጣል። ያቺ ልዩነት የሱ ናት፣ ከእያንዳንዱ 100 በአማካይ 5 ይወስዳል ማለት ነው። አምስት ጨዋታ አንድ ቲኬት ላይ ስታጣምር ቅነሳው በቅነሳ ላይ አምስት ጊዜ ይደራረባል፣ ስለዚህ ከ100 ላይ በአማካይ የሚመለስልህ 77 አካባቢ ነው። ጨዋታ በጨመርክ ቁጥር ለአጫዋቹ የምትከፍለው ይጨምራል። ክፍሉ ዝም የሚለው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ አንዱ ተነስቶ «እኔ ግን ኳስ አውቃለሁ» ይላል፣ እንደገና እንጀምራለን።

ሥራ ፈጠራው ላይ ልምጣ። የዚህ ትምህርት ታሪክ ውስጥ የማልረሳው ስቲቭ ማሪዮቲ ነው። ፎርድ መኪና ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ በኋላም ኒውዮርክ ውስጥ የራሱ ንግድ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሮጥ ወጣቶች ከበው ዘረፉት፤ ያገኙበት ገንዘብ ኢምንት ነበር። ከዚያ በኋላ አስቸጋሪ በሚባሉ የከተማው ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆነ። የማይሰሙት ተማሪዎች ስለ መሸጥና ስለ ትርፍ ሲያወራ ግን እንደሚሰሙት አየ። እ.ኤ.አ. በ1987 የመሠረተው ድርጅት ዛሬም በብዙ አገር ይህንኑ ያስተምራል። ጎዳና ላይ ያደገ ልጅ ሰው ማንበብ፣ መደራደር፣ መቅደም ያውቃል። የሚጎድለው ሌላ ነው።

ምን ይጎድለዋል? ቢዝነስ ፕላን አይደለም። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ተመራማሪዎች ከትናንሽ ነጋዴዎች ለአንዱ ቡድን የተሟላ የሒሳብ አያያዝ፣ ለሌላው ደግሞ ጥቂት ቀላል ደንቦች አስተማሩ። ለውጥ የታየው ደንቦቹን በተማሩት ላይ ነው። ዋናው ደንብ ምን መሰላችሁ፤ የንግዱን ገንዘብና የቤቱን ገንዘብ ለየብቻ አስቀምጥ። ሁለት ኪስ። እኔም ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይቺ እንድትቀር ነው የምለፋው። ቶጎ ውስጥ በ1,500 ትናንሽ ነጋዴዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጥናት ደግሞ የተለመደውን የንግድ ስልጠና፣ በራስ ተነሳሽነት ላይ ከሚያተኩር ስልጠና ጋር አወዳድሯል። ሁለተኛው ስልጠና ሳይታዘዙ መጀመርን፣ አርቆ ማሰብን፣ ሲወድቁ መልሶ መሞከርን የሚያለማምድ ነው። እሱን የወሰዱት ትርፋቸው 30 በመቶ ጨመረ። የተለመደው ግን ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም።

ከሁሉ በላይ የምጠቅሰው የላይቤሪያውን ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ባልደረቦቹ ሞንሮቪያ ውስጥ በስርቆት፣ በዕፅ ንግድና በጠብ የሚኖሩ 999 ወንዶች ይዘው በዕጣ አራት ቦታ መደቧቸው። አንዱ ቡድን ለስምንት ሳምንት ቁጣን መቆጣጠርና አስተሳሰብን መለወጥ ላይ የሚሠራ የምክር ፕሮግራም ወሰደ። ሌላው 200 ዶላር በእጁ ተሰጠው። ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ፣ አራተኛው ምንም። ገንዘቡን ይጠጡበታል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ አብዛኛው አልባከነም። ዓመት ሲቆይ የምክሩ ውጤት ብቻውን እየደበዘዘ ሄደ፣ ሁለቱንም ባገኙት ግን ዘለቀ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሲመለሱ እነዚያ ሰዎች ወንጀል ውስጥ የሚገቡበት መጠን በግማሽ አካባቢ ቀንሶ አገኙት። የሚገርመው ደግሞ ያቋቋሙት ንግድ አልቆየም፤ ገንዘቡ የሰጣቸው አዲሱን ሰው ሆነው የሚለማመዱባቸውን ጥቂት ወራት ነው። እኔ ይሄን ካነበብኩ ወዲህ የልጁ ንግድ ስለከሰረ ብቻ ስልጠናው ከሸፈ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

እና ሁሉም ነጋዴ ይሁን ማለትም አልወድም። መድረክ ላይ ወጥቶ «ሁላችሁም ሚሊየነር ትሆናላችሁ» የሚል እንግዳ ሲመጣ ያመኛል። ግማሾቹ ልጆች የሚፈልጉት በሰዓቱ የሚከፍል ቀጣሪ ነው። ለነሱ የገንዘብ ትምህርት ማለት ውል ማንበብ፣ የተቆረጠባቸውን ማወቅ፣ የቀረባቸውን ደሞዝ በወረቀት መጠየቅ ነው። ይሄ በማኑዋሉ ውስጥ የለም።

የማልስማማበት የሥራ ባልደረባ አለኝ። ለልጆቹ የምንሰጠው መነሻ ገንዘብ ለቡድን ይሰጥ ባይ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይቆጣጠራል፣ ይተፋፈራሉ ይላል። ማስረጃው ኡጋንዳ ነው። እዚያ መንግሥት ለወጣት ቡድኖች የሙያ መነሻ ገንዘብ ሰጥቶ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ገቢያቸው ካላገኙት በ38 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። እኔ ደግሞ በዘጠኝ ዓመቱ ያላገኙትም በገቢ እንደደረሱባቸው አስታውሰዋለሁ። እሱም ንብረታቸው ግን እንደበለጠ ቀረ ይለኛል፤ ልክ ነው። የኔ ፍርሃት ሌላ ነው፦ ጎዳና ላይ ቡድን ማለት አለቃ ያለው ቡድን ነው፣ ገንዘቡም ወደ አለቃው ይሄዳል። ለሚቀጥለው ዙር ግማሹን በቡድን፣ ግማሹን ለየግል እንስጥ ብለን ተስማምተናል። አለቃው ማን እንደሆነ ሳናውቅ ቡድን እንዳንመሠርት ግን አስፈርሜዋለሁ።