ቃለ መሐላው ገና ነው

ጓቲማላ ከአዲስ አበባ በ9 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ለሌሊት ፈረቃ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እነሱ እሁድ ከሰዓት በኋላ የሚያደርጉትን እኛ ከእኩለ ሌሊት ጀምረን ጠብቀን ለሰኞ ጠዋቱ የ1 ሰዓት ዜና ማድረስ አለብን።

ለጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ፣ የራዲዮ ጣቢያችን የፈረቃ ኃላፊ ዜናውን ገና በምሽቱ ጽፎ ጨርሶታል፦ «በርናርዶ አሬቫሎ የጓቲማላ ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።» አስቀድሞ ማሰናዳት በሙያው የተለመደ ነው። ሰዓቱ የታወቀ፣ እንግዳው የተጠራ በዓለ ሲመት ምን ይሆናል ተብሎ?

«ጋሼ፣ ይቺ ትቆይ» ያለችው በፈረቃው ትንሿ ልጅ ናት።

«ለምን? ሰውዬው ተመርጧል አይደል እንዴ?»

«መመረጡንማ ነሐሴ ላይ ተመርጧል። የምፈራው ከዚያ ወዲህ ያደረጉትን ነው።»

አብዛኞቻችን ስለ ጓቲማላ ከቡናዋ በቀር የምናውቀው አልነበረም። እሷ ግን ወራት ሙሉ ስትከታተል ከርማለች። አሬቫሎ የሶሲዮሎጂ ምሁር ነው። አባቱ ሁዋን ሆሴ አሬቫሎ ከ1945 እስከ 1951 እ.ኤ.አ. አገሪቱን መርተዋል፤ ተተኪያቸው ሃኮቦ አርቤንስ በ1954 ሲአይኤ በደገፈው መፈንቅለ መንግሥት ወረዱ፤ ልጅየው የተወለደው ቤተሰቡ በስደት ሳለ ኡራጓይ ውስጥ ነው። በ2023ቱ ምርጫ የመጀመሪያ ዙር 12 በመቶ ገደማ አግኝቶ ሁለተኛ ሲወጣ ብዙዎች ተገረሙ። በመለያው ሳንድራ ቶሬስን አሸነፈ። (እኚህ ሴት በ2011 ከፕሬዚዳንቱ ባላቸው የተፋቱት ሕገ መንግሥቱ የፕሬዚዳንት ዘመድ እንዳይወዳደር ስለሚከለክል ነበር። ፍቺውም አልጠቀማቸውም፤ ያኔ ከመወዳደር ታገዱ።)

ከድሉ በኋላ በኮንሱዌሎ ፖራስ የሚመራው ዐቃቤ ሕግ ፓርቲውን ሴሚያን ለማሳገድ ተነሣ፤ የምርጫ ቦርዱን ቢሮ አስበረበረ፤ የድምፅ ሣጥን እስከ መውሰድ ደረሰ። የቶቶኒካፓን ነባር ሕዝቦች መሪዎችና ሌሎችም መንገድ ዘጉ፤ በዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ደጃፍ ከ100 ቀን በላይ ሰፈሩ። የዚያ አገር ፕሬዚዳንት እንደ እኛው አገር የክብር ርእሰ ብሔር ብቻ አይደለም፤ መንግሥቱን የሚመራው፣ ጦሩን የሚያዘው እሱ ነው። ሥልጣኑም ለ4 ዓመት አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ትግሉ የሞት ሽረት ነበር።

ኃላፊያችን ይህን ሁሉ ሰምቶም አልተበገረም። ያስረታው ቀጥላ ያለችው ነው፦ «ፕሬዚዳንቱ ቃል የሚገባው በአዲሱ ምክር ቤት ፊት ነው። ምክር ቤቱ ራሱ ገና ሥራ አልጀመረም።»

እኔ የታዘብኩት ይህን ነው፤ «ደስ አላለኝም» ብላ ብትቀር ማንም አይሰማትም ነበር። የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ስለምታውቅ ግን መልስ ጠፋላት።

እንዳለችውም ሆነ። ተሰናባቾቹ እንደራሴዎች የአዲሶቹን ሹመት ማረጋገጫ እየመረመሩ ሰዓት ይፈጃሉ። ጥያቄው የሴሚያ 23 ተመራጮች በፓርቲያቸው ስም ይቀመጡ ወይስ በግል የሚል ነበር። ደጋፊዎች ወደ ምክር ቤቱ ሊገቡ ከፖሊስ ጋር ይገፋፋሉ። ለበዓሉ የመጡ የውጭ መሪዎችና ልዑካን ሥልጣኑ ለተመረጠው ይሰጥ የሚል መግለጫ አወጡ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ኃላፊያችን «ሌሎቹ ይቀድሙናል» እያለ ይንቆራጠጣል፤ እሷ ስክሪኗ ላይ እንዳቀረቀረች ናት።

በ1 ሰዓት የተነበበው የእሷ ዜና ነው፦ የሥልጣን ርክክቡ ተጓቷል፤ ቃለ መሐላው ገና አልተፈጸመም።

አሬቫሎ ቃል የገባው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ እዚያ እኩለ ሌሊት አልፎ ማለት ነው። ተሰናባቹ አሌሃንድሮ ጃማቴይ በሥነ ሥርዓቱ አልተገኘም። ኃላፊያችን ወዲያው ፋይሉን ሊዘጋ ሲል፣ ልጅቷ ቦርሳዋን እንዳነገተች «ጋሼ፣ ዛሬ ሌሊት የተመረጠው የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤም ከሴሚያ ነው። እሱንም አይተዉትም፤ ክፍት ይሁን» አለችው። ክፍት ተወው። በዚያው ሳምንት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ያንን ምርጫ ሻረ፤ ዓርብ ጥር 10 ኔሪ ራሞስ የሚባል የሌላ ፓርቲ ሰው በቦታው ተመረጠ። ዜናውን የጻፈችው እሷ ናት፤ ኃላፊያችንም አንዲት ቃል ሳይነካ አሳለፈው።