አራት ዲግሪው የማን ነው?

መስከረም ሲያልቅ የግብርና ጽሕፈት ቤታችን የአስር ቀኑን የአየር ትንበያ በጉጉት ይጠብቃል። ክረምቱ እየወጣ ነው። ደመናው ይሳሳል፤ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ወቅት ደረሰ ማለት ነው። አጥንቱን ያገኘ ይጋጠው፤ የእኛ ሐሳብ ግን ባቄላው ነው። እሸት ላይ ያለ ባቄላ አንድ ሌሊት ውርጭ ከመታው፣ ጠዋት ጠቁሮ ነው የሚገኘው።

የዚያ ዓመት ትንበያ የተለመደ ቋንቋውን ይዞ መጣ። ደረቅና ፀሐያማ ሁኔታ ያመዝናል፤ በደጋማ ቦታዎች የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜ ይጨምራል፤ ዝቅተኛው የሙቀት መጠን እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊወርድ ይችላል። የቡድን መሪያችን ይህን ለቀበሌዎች በስልክ መልእክት አሳጥሮ ላከው። «ዝቅተኛው 4 ዲግሪ ነው። ውርጭ አይጠበቅም። አርሶ አደሩ ይረጋጋ።» የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የራሱ ጭማሪ ናቸው። ውሃ የሚረጋው በዜሮ ነው፣ አራት ደግሞ ዜሮ አይደለም። ወረቀት ላይ ሒሳቡ ልክ ይመስላል።

መጀመሪያ የደወለው የቆላው ቀበሌ ዲኤ (የልማት ሠራተኛ) ነበር። እየሳቀ። «ጋሼ፣ እዚህ ሰው በሙቀት ውጭ ነው የሚያድረው። አራት ዲግሪ ብዬ ባነብላቸው ምን ይሉኛል?»

እውነቱን ነው። ሰሜን ሸዋን በአንድ ቁጥር መጥራት አይቻልም። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው 100 ኪሎ ሜትር እንኳ የለም። በ1,000 ሜትር ልዩነት ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ግድም ይለያያል። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ ሰው ይህን ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልገውም፤ ጋቢውን የት እንዳወለቀ ያስታውሳል።

ሁለተኛዋ ደዋይ የደጋዋ ዲኤ ነበረች። እሷ አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ አራት ዲግሪው የሚለካው የት ነው?»

«ሜትሮሎጂ ጣቢያው ላይ ነዋ!»

«ከመሬት ስንት ሜትር ከፍ ብሎ?»

የቡድን መሪው ዝም አለ። የጣቢያው ቴርሞሜትር የሚቀመጠው ከመሬት አንድ ሜትር ከሩብ እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ባቄላው ግን ሰማይ ሥር ተራቁቶ ነው የሚያድረው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ሳይኖር ባደረ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል። ያኔ ሣሩና ቅጠሉ ከጣቢያው ንባብ በሦስትና በአራት ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቀዘቅዙ ይችላሉ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ደግሞ ተዳፋቱን ይዞ ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። በጣም የሚከፋው ንጋት ላይ ነው።

ልጅቷ መልእክቱን ለአርሶ አደሮቿ አላነበበችም። ረባዳው ሜዳ ላይ ማሳ ያላችሁ የደረሰውን ሰብስቡ፣ የጎመን መደብ ያላችሁ ማታ ማታ ሣር አልብሱ፣ ደመና ካለ አትጨነቁ፣ ከዋክብቱ ጥርት ብለው ከታዩ ግን ተጠንቀቁ አለቻቸው። የቡድን መሪው ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ከቢሮ የወጣውን መልእክት በራሷ ቀየረች ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማርቀቅ ጀመረ። እኛ ቤት ደብዳቤ ከውርጭ ይፈጥናል።

ግን በዚያው ሳምንት ውርጩ መጣ። ረባዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ አደረ፤ ተዳፋቱ ላይ ያለው ባቄላ ምንም አልሆነም። የእሷ ቀበሌ ሰዎች የደረሰውን አስቀድመው አንስተው ነበር። የእኛን መልእክት ያመኑት ጎረቤት ቀበሌዎች ግን ጉድ ሆኑ። አንድ አባት ቢሮ ድረስ መጥተው፣ «ቴርሞሜትራችሁ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ለብሶ ነው እንዴ የሚያድረው?» አሉን። ከእውነቱ አልራቁም። የጣቢያው ቴርሞሜትር የሚያድረው በነጭ ሳጥን ውስጥ ነው።

ትንበያው አልተሳሳተም። አንዳንድ ሰው እስከ ዛሬ «ሜትሮሎጂ ዋሸ» ይላል፤ እኔ አልስማማም። ትንበያው ውርጭ የለም አላለም። እሱ ያላለውን ያስባለው የእኛ ቢሮ ነው።

ደብዳቤው ረቂቅ እንደሆነ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለደጋና ለቆላ መልእክቱ ለየብቻ ይጻፋል። ከዲግሪው ጎን ስለ ደመናና ስለ ነፋስ ይገባል፤ «ረባዳ ማሳ» የሚለውም አይቀርም። የቡድን መሪው የደጋውን ከመላኩ በፊት ለልጅቷ ይደውላል። ይቅርታ ሲጠይቃት አልሰማሁም፤ መደወሉ ግን ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

የቆላው ዲኤ አሁንም ያማርራል። በቀደም ደውሎ፣ «ስለ ውርጭ ስትጽፉ እኛን ረሳችሁን። ማሾው አውድማ ላይ ነው። ዝናብ አለ ወይስ የለም?» አለ። ትንበያውን እንደገና ከፈትነው።