ታች ላይ ትንሽ ቁጥር ብንጨምርስ?

ማታ የእህቴ ልጅ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። 11ኛ ክፍል ናት። ሠርተን ከጨረስን በኋላም ካልኩሌተሩን አላስቀመጠችም።

«አጎቴ፣ ያ ሁልጊዜ የምታነበው ብላክ ሆል፣ መሃሉ ላይ ምንድን ነው ያለው?»

ተማሪ እያለሁ ይህንኑ ጠይቄ «እሱን ተወው፣ ፈተና ላይ አይመጣም» ተብያለሁ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ብላክ ሆል ስበቱ ብርሃን እንኳ የማያስመልጥ የሰማይ አካል ነው። ወረቀት አወጣሁ።

ካርል ሽዋርዝሽልድ በ1916 (ዓመታቱን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ለአንስታይን የስበት እኩልታ መፍትሔ አሳተመ። ከዚያ መፍትሔ ተነስቶ ቦታና ጊዜ ምን ያህል እንደጎበጡ የሚናገር አንድ ልኬት ማውጣት ይቻላል። ልኬቱ ከመሃል ባለው ርቀት ስድስተኛ ፓወር ይካፈላል። «አንድን ለርቀቱ ስድስተኛ ፓወር አካፍዪ» አልኳት።

0.5 አስገባች፤ 64 መጣ። 0.1 አስገባች፤ አንድ ሚሊዮን። 0.01 ሲሆን አንድ ትሪሊዮን። ከዚያ ዜሮ አስገባች። ስክሪኑ «ማዝ ኤረር» አለ።

ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። ሲንጉላሪቲ የሚባለው ይኸው ነው። ወደዚያ የሄደ ብርሃን መንገዱ ያልቅበታል። ከዚያ ወዲያ ንድፈ ሐሳቡ የሚነግረን ነገር የለም።

ድሮ ብዙዎች «ይህ የሚመጣው ተሰብስቦ ብላክ ሆል የሚሆነውን ኮከብ ፍጹም ድቡልቡል አድርገን ስለምናስብ ነው» ይሉ ነበር። እንግሊዛዊው ሮጀር ፔንሮዝ በ1965 ያንን ተስፋ ዘጋው። ብርሃን እንኳ የማያመልጥበት ደረጃ ከተደረሰና ስበት ሁልጊዜ የሚሰበስብ ከሆነ፣ ቅርጹ ምንም ይሁን ምን፣ አንዳንዱ መንገድ የግድ ያልቃል። በ2020 ኖቤል ያሸለመው ይህ ሥራ ነው። ስበትን አሻሽለው ሲንጉላሪቲን ማስወገድ የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚነኩት ያቺን «ሁልጊዜ» የምትል ቃል ነው።

ይህን እየነገርኳት እሷ ወረቀቱ ላይ አቀርቅራለች። «ታች ላይ ትንሽ ቁጥር ብንጨምርበትስ?» አለች። 0.001 ደመረችና ለርቀቱ ዜሮ አስገባች። 1000 መጣ። ኤረር የለም።

ደነገጥኩ። ጄምስ ባርዲን በ1968 ትብሊሲ በተደረገ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ከታች ባለው ርቀት ላይ አንዲት ቋሚ ቁጥር ደመረበት። ከሩቅ ሲያዩት ያው ተራ ብላክ ሆል ነው። መሃሉ ላይ ግን ጉብጠቱ የሆነ ቦታ ይቆማል፤ ስበቱም እዚያ ወደ ውጭ ይገፋል።

ግን ያቺ ቁጥር ከየት መጣች? በእጅ የተጨመረች ናት። ቀዳዳ ላይ እንደተጣፈ ጨርቅ ነው የማያት። እኔን የሚያጓጓኝ ቁጥሯን ራሱ የሚወልድ ንድፈ ሐሳብ ነው።

እየተሞከረ ነው። ኤሊ ካርታን ከጀመረው ሐሳብ የተነሱት፣ ቦታና ጊዜ ከመጉበጥ አልፈው ሊጠመዘዙ ይችላሉ ይላሉ። የሚያጠመዝዛቸው የቅንጣቶች ስፒን (እንደ መሽከርከር ያለ የተፈጥሮ ባሕርያቸው) ነው፤ ቁሱ እጅግ ሲታመቅ ያ መጠምዘዝ መግፋት ይጀምራል። በ2024 ደግሞ ፓብሎ ቡዌኖ፣ ፓብሎ ካኖ እና ሮቢ ሄኒጋር በአንስታይን እኩልታ ላይ ማለቂያ የሌለው የእርማት ሰንሰለት ጨመሩበት። ሌላ ምንም ቁስ ሳይገባ፣ በስበት ብቻ፣ የብላክ ሆሉ ሲንጉላሪቲ ጠፋ። ያገኙት ግን አምስትና ከዚያ በላይ ዳይሜንሽን ላይ ነው። የኛ ዓለም፣ ጊዜን ጨምሮ፣ አራት ነው። ይህን ስነግራት ፊቷ ቅር አለው። እኔም ያነበብኩት ቀን እንደዚያው ሆኜ ነበር።

ከሁሉ ልቤን የሚነካኝ ግን የአሌክሲ ስታሮቢንስኪ ታሪክ ነው። የአንስታይንን እኩልታ ወደ ኋላ ሲከተሉት የዩኒቨርስ መጀመሪያም ላይ ሲንጉላሪቲ ይመጣል። በ1980 የአንስታይን እኩልታ ላይ የኳንተም እርማት ጨምሮ፣ ያለ ሲንጉላሪቲ የሚጀምር ዩኒቨርስ ለማግኘት ተነሳ። ያገኘው በመጀመሪያው ቅጽበት እጅግ በፍጥነት የሚለጠጥ ዩኒቨርስ ነው። ዛሬ ኢንፍሌሽን የምንለው ነገር! የፕላንክ ሳተላይት ከሰማይ የሰበሰበው መረጃ ከሱ ሞዴል ጋር ጥሩ አድርጎ ይገጥማል። ሲንጉላሪቲው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አልሆነም። ቦርድ፣ ጉት እና ቪሌንኪን በ2003 እንዳሳዩት፣ በአማካይ ሲለጠጥ የኖረ ዩኒቨርስም ወደ ኋላ ሲከተሉት መንገዱ የሆነ ቦታ ላይ ይቋረጣል። ስታሮቢንስኪ በ2023 መጨረሻ አረፈ። ያንን ጽሑፍ ባሰብኩ ቁጥር፣ ርዕሱ ላይ «ያለ ሲንጉላሪቲ» የሚለው ሐረግ ይታየኛል።

«እሺ፣ ታች ላይ የምትጨመረው ቁጥር ስንት ናት?» አለች ልጅቷ።

ብዙዎቹ የሚገምቱት የፕላንክን ርዝመት ነው፣ የስበትና የኳንተም ሕጎች አብረው የሚያስፈልጉበትን እጅግ ትንሽ ርዝመት፣ አልኳት። 1.6 ሲባዛ በ10 ፓወር ኔጋቲቭ 35፣ በሜትር። ጻፈችው፣ ለስድስተኛ ፓወር አደረገችው፣ ታች ላይ ደመረችው፣ ዜሮ አስገባች።

ማዝ ኤረር።

ቀና ብላ አየችኝ። እንደገና ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ቁጥሯ በጣም ከማነሷ የተነሳ ካልኩሌተሩ ዜሮ ብሎ ቆጥሯት ነው።

«ይሄኛው የካልኩሌተሩ ችግር ነው» አለች። ከዚያ ካልኩሌተሩን ገፋ አድርጋ ፓወሮቹን በእጇ መደመር ጀመረች።