ስኳር ያለባት እናቴና ሙዝ

እማዬ ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ጀምሮ ሊጠይቃት የመጣ ሁሉ «ሙዝ እንዳትነኪ!» ይላታል። እሷ ያደገችው አርባ ምንጭ ነው፤ ሙዝ ከልክያት መኖር አልሆነልኝም። ሐኪሟን ስንጠይቀው መልሱ ሌላ ሆነ፦ «ትብላ፣ ግን በልክ። እየተለካችም ይሁን።»

ቤት ባለው መለኪያ ጀመርን። ከመብላቷ በፊት ጣቷን ወጋ አድርገን እንለካለን፤ ሁለት ሰዓት ቆይተን እንደገና። ደሙ የሚነካበት የመለኪያው ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በየቀኑ አልነበረም። ደብተር ላይ ከቁጥሩ ጎን የሙዙን መልክ እጽፋለሁ፦ ጫፉ አረንጓዴ፣ ሙሉ ቢጫ፣ ነጠብጣብ ያለው።

ልዩነቱ ወለል ብሎ ታየ። ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ የለሰለሰው ስኳሯን ከፍ ያደርገዋል። ጫፉ ገና አረንጓዴ የሆነው ብዙም አያናውጣትም። ጮርቃ ሙዝ አብዛኛው ስታርች ነው፤ ከፊሉም በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ ያልፋል። ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። አንድ መካከለኛ የበሰለ ሙዝ ወደ 27 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚህ 14 ግራም ገደማው ስኳር ነው።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ሙዝ፣ ከጥቂት ለውዝ ጋር። የዚያን ቀን ዳቦው ይቀነሳል። ጁስ ቤት ግን ጨርሶ አንገባም። አንድ ብርጭቆ ውስጥ ስንት ሙዝ እንደተፈጨ፣ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደተጨመረ ማን ያውቃል?

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ፖታሲየሙ ነው። እማዬ ደም ግፊትም አለባት፤ ኢናላፕሪል ትወስዳለች። ፖታሲየም ኩላሊት ትርፍ ሶዲየምን በሽንት እንዲያስወጣ ስለሚያግዝ ለግፊት ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 3,510 ሚሊግራም ይመክራል፤ አንድ ሙዝ 420 ያህሉን ይሰጣል። ችግሩ ኢናላፕሪል ራሱ ፖታሲየም ሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል። ኩላሊት ከደከመ ደግሞ ይከማችና የልብ ምት ያዛባል። ስለዚህ የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየው የክሬቲኒን ምርመራና የፖታሲየም ምርመራ እንዲታዘዝላት ጠየቅኩ። ደህና ነበር፤ እፎይ አልኩ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ቤተሰብ ያላችሁ፣ እባካችሁ ሙዝ ከማብዛታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።

አሁን ጉልት ስሄድ ጫፉ አረንጓዴ የሆነውን መርጬ፣ ለሁለት ለሦስት ቀን የሚበቃውን ብቻ እገዛለሁ። ቀድሞ የበሰለው ለልጆቹ ነው።