መሬት የጤፍ ፍሬ ስታክል

የእህቴን ልጆችና የሰፈር ጓደኞቻቸውን ከፕላኔቶች ጋር ሳስተዋውቅ አንድ ነገር ወስኜ ነው የተነሳሁት። ስም ከመሸምደዳቸው በፊት ርቀቱን በእግራቸው እንዲያውቁት ፈለግኩ። ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ መሬት፣ ማርስ እያሉ መደርደር ቀላል ነው፤ ልጆች ቶሎ ይይዙታል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሥዕል ግን ፕላኔቶቹን ትከሻ ለትከሻ አጠጋግቶ ነው የሚያሳየው። ያንን ብቻ ያየ ልጅ ሰማዩ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ አያውቅም። ለእኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀው ባዶነቱ ነው።

ስለዚህ ሁሉንም በ10 ቢሊዮን እጥፍ አሳነስኩት። ሒሳቡ አይከብድም፤ 1 ሜትር 10 ሚሊዮን ኪሎ ሜትርን ይወክላል። ፀሐይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነች ኳስ ሆነች። መሬት 1.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ በቃ፣ የጤፍ ፍሬ። ቬነስም ሌላ ጤፍ። ለማርስና ለሜርኩሪ ደቃቅ ደቃቁን መረጥን። ጁፒተር ብይ ሆነ፣ ሳተርን ውሃ ውስጥ ያደረ ሽምብራ፣ ዩራነስና ኔፕቱን አንዳንድ ምስር። ብዩ ከልጆቹ ኪስ፣ ሌላው ከጓዳ ወጣ።

ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የእግረኛ መንገድ ሄድን። ኳሷን ዛፍ ሥር አስቀምጠን መለካት ጀመርን። ሜርኩሪ 6 ሜትር ላይ። ቬነስ 11። መሬት 15። ማርስ 23። እስከዚህ ድረስ ልጆቹ ይጋፋሉ፣ ይሳሳቃሉ። ጁፒተር 78 ሜትር ላይ ሲሆን ጫጫታው ቀነሰ። ሳተርን 143። ዩራነስ 287። ኔፕቱን 450 ሜትር ላይ ሲደርስ ምስሯን የያዘችው ልጅ ዞር ብላ ኳሷን ፈለገች።

"አክስቴ፣ ፀሐይ እኮ አትታይም!"

ኔፕቱን ላይ ለምን ያን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እኔ ግን በጣም የወደድኩት ወደ መሬት ስንመለስ የሆነውን ነው። ጤፏን ነጭ ወረቀት ላይ በፕላስተር ለጥፌያታለሁ። ትንሹ ልጅ "ጨረቃስ የት ናት?" አለኝ። ከጤፏ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቄ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረግኩለት። ሁለት ጣቱን አጣብቆ መሃሉ ላይ አስተኛቸው። ገቡ። "ሰው እግሩን ያሳረፈበት ሩቁ ቦታ ይሄ ነው" አልኩት። እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 11 የተጓዘው ያንን ሁለት ጣት ነው። ልጁ ጣቶቹን ሳያነሳ ቀና ብሎ ምስሯ ወደቀረችበት አቅጣጫ አየ።

ብርሃንንም ሞከርነው። በዚህ ልኬት ብርሃን በሰከንድ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። አንዱ ከኳሷ ተነስቶ በዚያ ፍጥነት መሬት ላይ እየዳኸ ወደ ጤፏ ተጓዘ። ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈልጋል። መንገድ ላይ ሰለቸው። እኔም አልገፋሁትም፤ የገባው መሰለኝ።

እናንተም ልትሞክሩት ካሰባችሁ፣ ፕላኔቶቹ እንዲህ በሰልፍ እንደማይቆሙ ቀድማችሁ ንገሯቸው። እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ፣ በየራሱ ፍጥነት ነው ፀሐይን የሚዞረው። ጁፒተር አንዴ ለመዞር 12 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ "አንተ እኮ በጁፒተር ዓመት ገና አንድ አልሞላህም" በሉት፤ ቀኑን ሙሉ ሲያወራው ይውላል።

መልሱን ከመናገር ማስገመት ይሻላል። "የትኛው ይሞቃል?" ስላቸው ሁሉም ሜርኩሪ አሉ፤ ለፀሐይ ቅርብ ነዋ። ግን ቬነስ ናት፣ 465 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ። ጥቅጥቅ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሯ ሙቀቱን አያስወጣም። ፕሉቶን ደግሞ ወላጆች ራሳቸው ያነሱታል፤ "እኛ ዘጠኝ ብለን ነው የተማርነው" ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ድንክ ፕላኔት ተብሎ ተመደበ፣ ስምንት ቀሩ።

ሰማዩን ያሳየኋቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለቱሪስቶች ወፍ ከሚያሳይ ወዳጄ ባይኖኩላር ተዋስኩ። ሰፈሩ መብራት የጠፋበት ምሽት ላይ ግቢ ወጣን፤ ጨለማው ጠቀመን። እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ክርናቸውን አጥሩ ላይ አስደገፍኳቸው። ጁፒተር አጠገብ ትንንሽ ነጥቦች ተሰልፈው ታዩ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው አራቱ ጨረቃዎች እነዚህ ናቸው። "የእኔ ብይ!" አለ ብዩን የሰጠን ልጅ። ባይኖኩላሩን ግን ቀን ቀን ደብቁት። በእሱ ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል፤ ይህ ቀልድ አይደለም።

"ከኔፕቱን ወዲያስ?" ማለታቸው አይቀርም። በእኛ ልኬት ከፀሐይ ቀጥሎ ያለው ቅርብ ኮከብ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከሐዋሳ ኢስታንቡል ድረስ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር አገሮች ለሩቅ ኮከቦች ስም እንዲያወጡ ሲጋብዝ ኢትዮጵያ የደረሳትን ኮከብ ቡና፣ የምትዞረውን ፕላኔት ደግሞ አቦል ብላለች። ይህንን ሲሰሙ ልጆቹ "ቶናስ? በረካስ?" ብለው ያዙኝ።

ለ450 ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ ካጣችሁ ሳተርን ላይ አቁሙ፤ 143 ሜትር በቂ ነው። ሐይቅ ዳር ከሆነ ጠዋት ይሁን። ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል፣ ወረቀቱንም ጤፉንም ይዞት ይሄዳል።